የፋይሪሽ ተራራ ሐውልትና ጄኔራል ሄክተር መንሮ፦ ሰውየው ምን ሠራ? ድንጋዩስ እውነት ተንከባሎ ነበር?

ደጋ_ለደጋ (ክር ከፋች)

ከኢንቨርነስ ወደ ሰሜን በኤ9 መንገድ የሚጓዝ ሰው አልነስ ከተማ አካባቢ ሲደርስ በስተግራው ተራራ ጫፍ ላይ የተደረደሩ የድንጋይ ቅስቶች ያያል። ከሩቅ የፈረሰ ቤተ መንግሥት ይመስላሉ። ቤተ መንግሥት አልነበሩም፤ ሲሠሩም እንዲሁ ክፍት ሆነው ነው የተሠሩት። ይህ የፋይሪሽ ሐውልት ነው። ተራራው 453 ሜትር ከፍታ አለው። ሐውልቱን በ1782 ገደማ ያሠራው የኖቫር ባለርስት ጄኔራል ሰር ሄክተር መንሮ ሲሆን፣ የሕንዷን ኔጋፓታም ወደብ በር እንዲመስል ታስቦ እንደተሠራ ይነገራል። (በዚህ ክር ዓመቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ይሁን፣ እንዳንምታታ።)

ሦስት ነገር እንድንወያይበት እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ ሰውየው በትክክል ምን ሠራ? ሁለተኛ፣ "ለተራበው ሕዝብ ሥራ ለመስጠት አሠራው፤ ሥራው ቶሎ እንዳያልቅና ሠራተኛው ተጨማሪ ቀን እንዲከፈለው ድንጋዩን መልሶ ቁልቁል ያንከባልል ነበር" የሚባለው ያስኬዳል ወይ? ሦስተኛ፣ መውጣት ለሚፈልግ ሰው መንገዱ እንዴት ነው?


የጦር_መዝገብ

የመጀመሪያውን ልውሰድ። መንሮ በ1726 ተወለደ፣ በ1805 መጨረሻ ሞተ። ከ1768 እስከ 1802 የኢንቨርነስና የአካባቢው ከተሞች የፓርላማ ተወካይ ነበር። ስምም ሀብትም ያገኘው ግን ከሕንድ ነው።

በ1764 በሕንድ የሚነግደውን የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያን ጦር ሲረከብ ጦሩ አድሞ ነበር። ሲፖይ የሚባሉት ሕንዳውያን ወታደሮች የተገባላቸው ክፍያ ስላልደረሳቸው አንታዘዝም አሉ። መንሮ 24 መሪዎችን ለይቶ በጦር ፍርድ ቤት አስፈረደባቸውና በመድፍ አፍ ላይ ታስረው እንዲተኮስባቸው አደረገ። ከእነዚያ መካከል አራቱ የግሬናዲየር ክፍል ወታደሮች ነበሩ። በጦር ሜዳ የክብሩ ቦታ ሁልጊዜ የእነሱ ስለነበር በሞትም ቀዳሚ እንዲሆኑ ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸው። ስለ መንሮ የሚጽፍ ሰው ይህን ማለፍ የለበትም። በዚያው ዓመት ያገኘው ድል በዚህ ቅጣት በታነጸ ዲሲፕሊን የተገኘ ነው።

ኦክቶበር 22 ቀን 1764 የቡክሳር ጦርነት ሆነ። የመንሮ ጦር ወደ 7,000 ሰውና 20 መድፍ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ አውሮፓውያኑ አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም። በተቃራኒው ወገን የአወድ ገዥ ሹጃ ኡድ ዳውላ፣ ከቤንጋል የተባረረው ሚር ቃሲምና የሙጋሉ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ሻህ አላም ነበሩ፤ ሠራዊታቸው በትንሹ 40,000 ይገመታል።

ብዙኃኑ ለምን ተሸነፉ? ስማቸው አንድ ላይ ይጠራ እንጂ አዛዣቸው አንድ አልነበረም። ሹጃ ከውጊያው በፊት ሚር ቃሲምን አስሮ ንብረቱን ወርሶታል፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከልቡ አልተዋጋም። ፈረሰኛው ደጋግሞ ቢያጠቃም ተራውን ጠብቆ የሚተኩሰውን እግረኛ መስመር መስበር አልቻለም። የኩባንያው ሙትና ቁስለኛ ግን 847 ነው፤ ከስምንት ሰው አንዱ ማለት ነው። በማግስቱ ዓመት በ1765 ኩባንያው የቤንጋልን፣ የቢሃርንና የኦሪሳን ግብር የመሰብሰብ መብት ከሻህ አላም እጅ አገኘ። አንድ የነጋዴዎች ማኅበር የአገር ገዥ የሆነው ያን ጊዜ ነው።


ዳኛቸው_ዘአራዳ

ጥሩ ማብራሪያ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ተራራ መውጣት የሚወዱ ሰዎች "መንሮ ወጣን" የሚሉት በእሱ ስም ነው ማለት ነው? ደግሞ ቼናይ ከተማ ውስጥ በፈረስ ላይ የተቀመጠ የመንሮ ሐውልት አለ ሲባል ሰምቻለሁ።


ካርታ_አንባቢ

ወንድሜ ዳኛቸው፣ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ተራሮቹ የተሰየሙት በ1891 ከ3,000 ጫማ (914 ሜትር) በላይ የሆኑትን የስኮትላንድ ተራሮች ዝርዝር ባሳተመው በሰር ሂው መንሮ ነው። ፋይሪሽ 453 ሜትር ብቻ ስለሆነ በዚያ ትርጉም "መንሮ" አይደለም። ቼናይ ያለው ፈረሰኛ ደግሞ የማድራስ (የዛሬዋ ቼናይ) አስተዳዳሪ የነበረው ቶማስ መንሮ ነው፤ እሱ የግላስጎው ሰው ነው። የእኛው ሄክተር የሮስ አውራጃ ሰው ነው፤ መንሮዎች በዚያ አገር ትልቅ ጎሳ ናቸው፣ ስሙ የበዛው ለዚህ ነው።


ወለተ_ገብርኤል

የጦር መዝገብ ቡክሳርን በደንብ አስቀምጠውታል። ሐውልቱ የቆመው ግን በቡክሳር ስም አይደለም፤ በ1781 ለተያዘችው ኔጋፓታም ነው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት ያገኘውን ትልቁን ድል ትቶ ለምን ለትንሹ አሠራ? ከኔጋፓታም በፊት በነበረው ዓመት የሆነውን ካላነሳን መልሱ አይገኝም ብዬ አምናለሁ።


የጦር_መዝገብ

እህቴ ልክ ነሽ፤ በ1780 ፖሊሉር ላይ የደረሰውን ሽንፈት ማለትሽ ነው። ዘርዝሬ ልጻፈው፣ ምክንያቱም የመንሮ ስም የተበላሸው እዚያ ነው።

በ1780 የማይሶር (በደቡብ ሕንድ የነበረ መንግሥት) ገዥ ሃይደር አሊ ወደ ማድራስ ግዛት ዘመተ። መንሮ የማድራስ ጦር ዋና አዛዥ ነበር። ሁለት ኃይል ነበረው፤ አንዱ ራሱ የሚመራው ከ5,000 በላይ ሰው፣ ሌላው ከሰሜን ከጉንቱር በኩል የሚመጣው የኮሎኔል ዊልያም ቤይሊ ጦር፣ ወደ 2,800 ሰው። ሁለቱ የት ይገናኙ? የመጀመሪያው ስህተት እዚህ ላይ ነው። ቤይሊ ለማድራስ ቅርብ ደርሶ ስለነበር እዚያው ከተማው ደጃፍ መቀላቀል ይቻል ነበር። መንሮ ግን መገናኛውን ከማድራስ ርቃ ያለችውን የካንቺፑራም ከተማ አደረገው። ቤይሊ የጠላት ፈረሰኛ በሚርመሰመስበት ሜዳ ብቻውን እንዲጓዝ ተገደደ።

ሁለተኛው ወንዙ ነው። ቤይሊ ኮርታላያር ወንዝ ዳር ኦገስት 25 ደረሰ። ወንዙ በዚያ ሰዓት የሚሻገሩት ነበር፤ እሱ ግን ሳይሻገር ሰፈረ። ሌሊት ውሃው ሞላ። ሴፕቴምበር እስኪገባ ድረስ መሻገር አልቻለም። በጦርነት ዘመን ወንዝ ከተገኘ ተሻግሮ ነው የሚሰፈረው፤ ይህ ለማንም የጦር መኮንን አዲስ ነገር አልነበረም።

ሦስተኛው የመንሮ አለመንቀሳቀስ ነው። ቤይሊ ሴፕቴምበር 6 ከሃይደር ልጅ ከቲፑ ጋር ተዋግቶ "ወደ እኔ ኑ" ብሎ ላከ። መንሮ ካንቺፑራም ቤተ መቅደስ ውስጥ ያከማቸውን ስንቅና ከባድ መድፍ ትቶ መሄድ ስላልፈለገ ሙሉ ጦሩን አላንቀሳቀሰም፤ 1,000 ያህል ሰው በኮሎኔል ፍሌቸር መሪነት ላከ። ጦሩን ከፈለ ማለት ነው፤ ለቤይሊ የማይበቃ፣ ለራሱም የሚያጎድል። ቤይሊ ሴፕቴምበር 9 ማታ መጓዝ ጀምሮ መንገድ ላይ አደረ። በ10ኛው ቀን ጠዋት አባትና ልጅ ከሁለት ወገን ከበቡት። የማይሶር ጦር በብረት ቀፎ የተሠራ ሮኬት ነበረው፤ የቤይሊ የባሩድ ጋሪዎች በውጊያው መካከል ፈነዱ፣ ከዚያ በኋላ መመከት አልተቻለም። ከአውሮፓውያኑ 200 ያህል ተማረኩ። ቤይሊ በምርኮ ሳለ በ1782 ሞተ።

መንሮ በመጨረሻው ሰዓት ቢንቀሳቀስም ውጊያው አልቆ ነበር። ከባድ መድፎቹን ካንቺፑራም የቤተ መቅደሱ ኩሬ ውስጥ ጥሎ ወደ ማድራስ አፈገፈገ። ስንቁን ለመጠበቅ ሲል ቤይሊን አጣ፤ በመጨረሻ ስንቁንም ተወው።

የማይሶር ወገን ይህን ድል በሽሪራንጋፓትና የቲፑ የበጋ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ አሥሎታል። ቤይሊ በተሸከሙት አልጋ ላይ ሆኖ፣ ከኋላው ጋሪ ሲፈነዳ ይታያል። አንድ ጦርነት በሕንድ የግድግዳ ሥዕል፣ በስኮትላንድ ደግሞ ዝምታ አለው።


ወለተ_ገብርኤል

"ዝምታ" ያሉት ቃል ለኔ የነገሩ ልብ ነው። ኔጋፓታም ስትያዝ (ኖቬምበር 1781) ከፖሊሉር ውርደት ገና አሥራ አራት ወሩ ነበር። እንግሊዝ በ1780 መጨረሻ በሆላንድ ላይ ጦርነት አውጃ ስለነበር የሆላንዶቹ ወደብ ኢላማ ሆነ። መንሮ በየብስ፣ አድሚራል ኤድዋርድ ሂውዝ በባሕር ከበው በሦስት ሳምንት አስለቀቁ። በ1784ቱ የሰላም ውልም ከተማዋ ለእንግሊዝ ቀረች። ንጹሕ፣ የማያከራክር፣ የመጨረሻ ድሉ ነው። መንሮ በ1782 ወደ አገሩ ሲመለስ ጎረቤቶቹ ፖሊሉርን ከጋዜጣ አንብበዋል። ከየትኛውም መንደር የሚታይ ተራራ ላይ የኔጋፓታምን በር ማቆም ለጎረቤት የሚሰጥ መልስ ነው፣ እኔ እንደዚያ ነው የማነበው።

በሩ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ኔጋፓታምን ሆላንዶች ከፖርቱጋሎች በ1658 ነው የወሰዱት፤ ምሽጉን የሠሩት በአውሮፓ ዘዴ ነው። ስለዚህ ፋይሪሽ ላይ ያለውን "የሕንድ በር" ብሎ እንደ ቤተ መቅደስ መግቢያ መተርጎም አያስኬድም።


ዳኛቸው_ዘአራዳ

ታዲያ ለሕዝቡ ሥራ መስጠቱስ? እሱ በጎ ነገር አይደለም? በ1782 በስኮትላንድ ደጋ ላይ ሰብል ጠፍቶ ረሃብ እንደነበር አንብቤያለሁ።


ግንበኛው

ረሃቡ እውነት ነው፤ የ1782 መኸር ተበላሽቶ እስከ 1783 ሰው ተቸግሯል። የድንጋይ ማንከባለሉን ወሬ ግን በቁጥር እንየው፤ ከግንባታ አንጻር ለኔ አይዋጥም።

ያልተጠረበ ድንጋይ በኖራ ሲገነባ አንድ ሜትር ኩብ ግንብ ወደ 2.2 ቶን ይመዝናል። ከግርጌ እስከ ጫፍ 300 ሜትር ከፍታ እናስብ። 25 ኪሎ የተሸከመ ሰው 300 ሜትር ለመውጣት አንድ ሰዓት ይፈጅበታል፤ መውረጃ 45 ደቂቃ፣ መጫኛና ማራገፊያ ሩብ ሰዓት። ሁለት ሰዓት ለአንድ ዙር። በ10 ሰዓት የሥራ ቀን አምስት ዙር፣ 125 ኪሎ። ስለዚህ ለአንድ ሜትር ኩብ ግንብ ድንጋይ ማመላለሻ ብቻ 18 የሰው ቀን ይሄዳል። ወርድና ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ቁመቱ 6 ሜትር የሆነ አንድ ምሰሶ ብናስብ 13.5 ሜትር ኩብ ነው፤ ወደ 240 የሰው ቀን። ለአንዱ ምሰሶ! በፈረስ በሚጎተት መንሸራተቻ (በዚያ ቁልቁለት ጋሪ አይሠራም) 200 ኪሎ በቀን ሦስት ዙር ቢባል እንኳ ለሜትር ኩብ አራት ቀን ነው።

ድንጋይ ብቻም አይደለም። የዚህ ዓይነት ግንብ ከሩብ እስከ ሠላሳ በመቶው ማልታ ነው። አሸዋው፣ ኖራው፣ ማቡኪያው ውሃ፣ ለቅስቱ የሚያስፈልገው የካሳፎርማ እንጨትና የመወጣጫው እንጨት ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚወጣው። ሥራ እንዲረዝም የፈለገ ሰው ምንም ማንከባለል አያስፈልገውም፤ ተራራው ራሱ ያረዝመዋል።

ማንከባለሉም ራሱ አይሠራም። በዚያ ተዳፋት ላይ ያለው ሄዘር የሚባለው ቁጥቋጦና ረግረግ ነው። ትንሹ ድንጋይ ሃያ ሜትር ሳይሄድ ይቀረቀራል፤ ትልቁ ከተነሣ ግን የሚያቆመው የለም፣ ከታች ተሸክሞ የሚወጣውን ሰው ይገድላል። አሸዋ ድንጋይ ከሆነ ደግሞ ሲጋጭ ይሰነጠቃል።

ዘመኑ በረሃብ ጊዜ ከነጻ እርዳታ ሥራ መስጠት ይሻላል የሚል አስተሳሰብ ነበረው፤ ስለዚህ ለሥራ ማስገኛ ተብሎ መሠራቱን አልክድም። ማንከባለሉ ግን የተረት ጌጥ ነው።


ደጋ_ለደጋ

ጋሽ ግንበኛው፣ ይህ ስሌት ለብቻው ክር ይወጣዋል። ያ ተረት ግን ሌላም ቦታ አለ፤ መገናኘታቸው ይገርማል። ሕንድ ላክናው ከተማ ባራ ኢማምባራ የሚባል ግዙፍ ሕንጻ አለ፤ በ1784 በረሃብ ጊዜ ለሕዝቡ ሥራ ለመስጠት ተጀመረ። እዚያም "ቀን የተሠራውን ሌሊት ያፈርሱት ነበር፣ ሥራው እንዳያልቅ" ይባላል። ያሠራው ማን ነው? አሳፍ ኡድ ዳውላ፤ መንሮ ቡክሳር ላይ ያሸነፈው የሹጃ ኡድ ዳውላ ልጅ! በሁለት ዓመት ገደማ ልዩነት፣ በሁለት የዓለም ጫፍ፣ የአሸናፊውም የተሸናፊው ልጅም ግንባታ አንድ ዓይነት ተረት ተነገረለት። ረሃብ ሲመጣ ሕዝብ ስለ ጌታው እንዲህ ያለ ወሬ መስማት ይወዳል መሰለኝ።


ወለተ_ገብርኤል

የላክናውን አላሰብኩትም ነበር፣ ተባረክ። እኔ ግን የፋይሪሹን በጎ አድራጎት ለመመዘን 1782 ብቻውን አይበቃም እላለሁ፤ 1792ን አጠገቡ ማስቀመጥ አለብን።

መንሮ ከፋይሪሽ በስተጀርባ ያለውን የኪልደርሞሪ መሬት ለሁለት ካሜሮን የሚባሉ ወንድማማች በግ አርቢዎች አከራየ። የጎረቤት ስትራዝረስዴል ገበሬዎች ከብት ከጥንት ጀምሮ እዚያ ይሰማራ ነበር። አከራይቶ ዳር ላይ ምንም አጥር ስላልነበረ ከብቱ እንደ ልማዱ ይገባል፤ ካሜሮኖች ደግሞ እየያዙ መቀጫ መጠየቅ ጀመሩ። ገበሬው ከብቱን በጉልበት አስለቀቀ። ነገሩ በዚያ አልቆመም፤ በጁላይ መጨረሻ የሮስና የሰዘርላንድ በጎች ሁሉ ወደ ደቡብ ይነዱ ተባለ። በጥቂት ቀን 6,000 ያህል በግ ተሰብስቦ ቦዝ ደረሰ።

ከፎርት ጆርጅ የ42ኛው ክፍለ ጦር ወታደሮች መጡ። ሰዉ በሌሊት ተበተነ፣ በጉ ቀረ። ኢንቨርነስ ላይ በተሰየመው ችሎት ሂው ማኬንዚና ጆን ኤርድ ሰባት ዓመት በባሕር ማዶ እንዲጋዙ ተፈረደባቸው፤ ከእስር ቤት አምልጠው ዳግመኛ አልተያዙም። የደጋው ሰው ያን ዓመት በጌሊክ ቋንቋ "የበግ ዓመት" ይለዋል።

ስለዚህ በ1782 ቀን ሥራ የሰጠ ያው ባለርስት በ1792 መሬቱን ለበግ ሰጠ። የቀን ሥራ ሐውልቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ የግጦሽ መብት ግን የልጅ ልጅ ይመገብበታል። "ሰዎች ከመሬታቸው ስለተነሡ ሥራ ሰጣቸው" ተብሎ የሚጻፈው ዐረፍተ ነገር እውነቱን ግማሽ ብቻ የሚናገረው ለዚህ ነው፤ አንሺው ማን እንደሆነ ይተዋል።


ካርታ_አንባቢ

ለመረጃ ያህል፦ እህታችን የጠራችው ቦዝ ዛሬም ያለ ቦታ ነው፤ ወደ ፋይሪሽ መውጫው መኪና ማቆሚያ ያለው በዚያው በቦዝ መንገድ ላይ ነው። ተራራ ወጪው ሁሉ የበጎቹን መንገድ ይረግጣል ማለት ይቻላል።


ሚዛን_ጠባቂ

አንድ ጥያቄ። የቲፑ ነብር የሚባለው የእንጨት መጫወቻ ከመንሮ ልጅ ሞት ጋር ይያያዛል ይባላል። እውነት ነው?


የጦር_መዝገብ

ልጁ የሞተበት ነገር እውነት ነው። ሂው መንሮ የሚባል የጄኔራሉ ልጅ በዲሴምበር 1792 በጋንጅስ አፍ ላይ ባለችው በሳጋር ደሴት ለአደን ወርዶ ነብር ገደለው። በእንግሊዝ ወሬው በጣም ስለተሰራጨ የሸክላ ሐውልቶች ሳይቀሩ ተሠሩበት።

መጫወቻው ቁመቱ 71፣ ርዝመቱ 178 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ነብር አንድ አውሮፓዊ ላይ ተጋድሞ ጉሮሮውን ይነክሳል። እጀታው ሲዞር ውስጡ ያለው ወናፍ ይሠራል፤ አንዱ ቱቦ የሰውየውን ልቅሶ፣ ሌላው የነብሩን ጉርምርምታ ያሰማል፣ የሰውየው ክንድም ከፍ ዝቅ ይላል። የነብሩ ጎን ሲከፈት 18 ቁልፍ ያለው ትንሽ ኦርጋን ይገኛል። ነብር የቲፑ የመንግሥት ምልክት ስለሆነ ይህን ለማሠራት የመንሮ ልጅ መሞት አያስፈልገውም ነበር። ዜናውን ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ ማለት ግን መዝለል ነው።

ግንቦት 4 ቀን 1799 (ሜይ ማለቴ ነው) ቲፑ የሞተበትን የሽሪራንጋፓትና ግንብ ሰብሮ የገባውን ጦር የመራው ማን ነው? ዴቪድ ቤርድ፤ ፖሊሉር ላይ ከቤይሊ ጋር ተማርኮ 44 ወር የታሰረ ስኮትላንዳዊ። እሱም የራሱ ኮረብታ ሐውልት አለው፤ ክሪፍ አጠገብ ቶም ኣ ቻስቴል በሚባል ጉብታ ላይ ሚስቱ ያቆመችው የግብፅ ዓይነት ሐውልት። መንሮ ያልደረሰለት ሰው ነው።


ወለተ_ገብርኤል

ይህ ነብር ዛሬ ለንደን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ለእኛ አንባቢዎች የሚያገናኘው ነገር እዚህ ላይ ነው፦ በ1868 ከመቅደላ የተወሰደው የወርቅ ዘውድና ጽዋም ያሉት በዚያው ሙዚየም ነው። የ1868ቱ የናፒየር ጦርም የተነሣው ከቦምቤይ ነው። የዘረፋው አሠራር እንኳ አንድ ነው፤ ዕቃው "የጦር ምርኮ" ተብሎ ይሰበሰባል፣ ይሸጣል፣ ገንዘቡ ለወታደሩ በማዕረግ ይከፈላል። ሽሪራንጋፓትና ላይ በኮሚቴ ተከፋፈለ፤ የመቅደላው በዳላንታ ሜዳ በሐራጅ ተሸጠ። ሙዚየሙን የሚጎበኝ ሰው ሁለቱን በአንድ ቀን ቢያይ እመክራለሁ፤ አንዱ ሌላውን ያስረዳል።


ሚዛን_ጠባቂ

አመሰግናለሁ፣ በደንብ ገባኝ። ጋሽ ግንበኛው፣ እንዲህ ያለ ጣራ የሌለው ግንብ 240 ዓመት እንዴት ቆመ? ሲጠገንስ ምን ይደረጋል?


ግንበኛው

የሚያፈርሰው ንፋስ አይደለም፣ ከላይ የሚገባ ውሃ ነው። ቤት ጣራ አለው፤ እንዲህ ያለው ግንብ አናቱ ክፍት ነው። ዝናብ በአናቱ ገብቶ ማልታውን ያጥባል፤ ክረምት ሲሆን ያ ውሃ ይበርዳል። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በዘጠኝ በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋል። በአንድ ክረምት ብዙ ጊዜ እየበረደ እየቀለጠ ሲሄድ መሃሉ ይቦረቡራል፤ ፊቱ ግን ደህና ይመስላል። ሆዱ የተነፋ ግንብ ካየህ ውስጡ ባዶ ሆኗል ማለት ነው።

ስለዚህ ጥገና ከአናት ነው የሚጀምረው። የላላውን ድንጋይ አንሥቶ፣ ሥር የሰደደ ሣርና ቁጥቋጦ ነቅሎ (ሥሩ ካልወጣ ተመልሶ ይበቅላል)፣ ውሃ ወደ ውጭ እንዲፈስ አናቱን ጎብጠብ አድርጎ መልሶ መገንባት።

ከዚያ ስትላታው፣ ማለትም በድንጋዮቹ መካከል ያለውን መገጣጠሚያ በአዲስ ማልታ መሙላት። የሞተውን ማልታ በመዶሻና በመሮ ቢያንስ 25 ሚሊ ሜትር፣ ይልቁንም የመገጣጠሚያውን ስፋት ሁለት እጥፍ ጠልቆ ማውጣት። በኤሌክትሪክ መቁረጫ ከተሞከረ የድንጋዩ ጠርዝ ይበላል፣ እሱ አይመለስም። አቧራውን ማጠብ፣ ድንጋዩን ማርጠብ፤ ደረቅ ድንጋይ የማልታውን ውሃ መጥጦ ዱቄት ያደርገዋል። አንድ እጅ የተፈጥሮ ሃይድሮሊክ ኖራ (በውሃ የሚጠነክር የኖራ ዓይነት) ከሁለት ተኩል እስከ ሦስት እጅ ሻካራ፣ የታጠበ አሸዋ። ሰፊው ክፍተት ላይ ትናንሽ ስንጣሪ ድንጋይ መሰንቀር፤ ማልታ ብቻ ከተሞላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከዚያ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ቢያንስ አንድ ሳምንት ማቆየት። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ በታች ሊወርድ ከሆነ መሥራት የለም። በዚያ ከፍታ አስተማማኙ ጊዜ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ነው።

ዋናው ጥፋት ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ ከድንጋዩ ስለሚጠነክር ውሃው በመገጣጠሚያው መውጣቱን ትቶ በድንጋዩ ይወጣል፤ አሸዋ ድንጋዩ እየተላጠ ይሄዳል፣ ሲሚንቶው ብቻ እንደ መረብ ጎልቶ ይቀራል። ኖራው ከድንጋዩ ደካማ መሆን አለበት፤ ሥራው መሞት ነው፣ ድንጋዩ እንዲኖር።


ደጋ_ለደጋ

ሦስተኛው ጥያቄ ቀርቷል፦ መንገዱ። ካርታ አንባቢ?


ካርታ_አንባቢ

ከኤ9 ወጥተህ ስትረዊ በሚባለው ቢ9176 መንገድ ትገባለህ፤ "ቦዝ" የሚል ምልክት ስታይ ወደ ግራ። መኪና ማቆሚያው በስተግራ ነው። መኪና የሌለው በባቡር አልነስ ጣቢያ ድረስ መምጣት ይችላል፤ ከዚያ በእግር ብዙ ኪሎ ሜትር ስለሚጨምር ቀኑን ሙሉ መድቡለት።

ደርሶ መልስ ከመኪና ማቆሚያው ወደ 6.5 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሰዓት። መንገዱ ጁቢሊ ይባላል። መጀመሪያ በጥድ ደን ውስጥ ቀጥ ብሎ ይወጣል፣ ኋላ ደኑ ያልቅና ክፍት ሄዘር ላይ ትወጣለህ። መንገዱ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚቸገረው በሦስት ነገር ነው።

አንደኛ ልብስ። ከባሕር ዳር 450 ሜትር ስትወጣ ሙቀቱ ሦስት ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ደኑ ውስጥ ንፋስ ስለማይሰማ ሰው ቀለል ብሎ ይወጣና ጫፍ ላይ ይመታል። ነፋስ መከላከያውን ከደኑ ሳትወጣ ልበስ። ሁለተኛ ሰዓት። ዲሴምበር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9፡30 ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከ6 ሰዓት በኋላ አትጀምር፣ የራስ መብራትም ያዝ። ሦስተኛ መዥገር፣ ከጸደይ እስከ መኸር። ሱሪህን ካልሲ ውስጥ አስገባ፣ ስትመለስ ከጉልበት ጀርባና ብብት ፈትሽ፤ ከተገኘ በጠፍጣፋ ወረንጦ ከቆዳው አጠገብ ይዞ ቀጥ አድርጎ መሳብ እንጂ ዘይት መቀባት ወይም ማቃጠል አይገባም። ሚጅ የሚባለው ጥቃቅን ትንኝ በጋ ላይ ነፋስ በሌለበት ቀን ደኑ ውስጥ ያስቸግራል፤ ጫፍ ላይ ግን ነፋሱ ያባርረዋል።

ጫፍ ላይ መሃሉ ላይ ያሉት ረጃጅም ምሰሶዎች በቅስት ተያይዘዋል፤ ግራና ቀኝ አጠር ያሉ ለብቻቸው ይቆማሉ። ወደ ደቡብ ምሥራቅ የክሮማርቲ ወሽመጥ በውስጡ ከቆሙት የነዳጅ መቆፈሪያዎች ጋር፣ ወደ ምዕራብ 1,046 ሜትሩ ቤን ዋይቪስ። ግንቡ ላይ መውጣት ክልክል ባይጻፍም አትውጡ፤ ጋሽ ግንበኛው እንዳሉት አናቱ ነው የሚፈርሰው።


ዳኛቸው_ዘአራዳ

ውሻ ይዞ መሄድ ይቻላል?


ካርታ_አንባቢ

ይቻላል። ስኮትላንድ ውስጥ በ2003ቱ የመሬት ሕግ በኃላፊነት እስከተንቀሳቀስክ ድረስ የግል መሬት ላይም መራመድ መብት ነው። ከኤፕሪል እስከ ጁላይ መሬት ላይ የሚፈለፍሉ ወፎች ስላሉ ውሻው በአጭር ገመድ ይታሰር። ወደ ቦዝ በኩል በግ ያለበት ሜዳ ካጋጠመህም እንደዚያው።